ድንበሯን በእግሯ የዞረችው ደብሪቱ

በድሮ ዘመን፣ ድንበር በወረቀት ሳይሆን በእግር በሚጻፍበት በዚያ ዘመን፣ ደብሪቱ የምትባል አንዲት ባለርስት ነበረች። ደብሪቱ ደግ ነበረች፤ ወሬ ትወድ ነበር፤ እንቢ ማለት ግን አታውቅም ነበር። የሟች ባሏ ወንድም ገሠሠ ይባላል። የገሠሠ አፉ ማር ነው፤ ዓይኑ ግን ከሰው መሬት ላይ አይነሣም ነበር።

በዚያ አገር አንድ ሕግ ነበር። በየሰባት ዓመቱ፣ መስቀል ባለፈ በሳምንቱ፣ ባለርስት ሁሉ ከሽማግሎች ጋር ድንበሩን ይዞራል። በበቅሎ አይሆንም። ተደግፎ አይሆንም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ካልጨረሰ መሬቱ ለቅርብ ዘመድ ያልፋል። "የረገጥከው ያንተ፣ ያልረገጥከው የሌላ" ይሉ ነበር።

ርስቱ ከባሏ የመጣ ነው፤ ልጅም አልወለዱ። እንግዲህ የቅርብ ዘመዱ ማን ይመስላችኋል?

ገሠሠ ሰይፍ አልመዘዘም። መርዝም አልበጠበጠም። ያመጣው ጉርሻ ነው። ወንድሙ ከተቀበረ ጀምሮ በየቀኑ ምሳ ሰዓት እየመጣ፣ ቅቤ የጠገበ ክትፎ ጠቅልሎ፣ "እትዬ ደብሪቱ፣ በሞቴ ይቺን" ይላል።

"ጠግቤያለሁ" ትላለች።

"አንድማ ያጣላል፤ በሞቴ ሁለተኛ።"

"ኧረ በቃኝ።"

"አፈር ስሆን፣ ሦስተኛ።"

በሞቴ የተባለበትን ጉርሻ ማን መልሶ ያውቃል? ትጎርሳለች። ደግሞ "እግርዎን አቧራ አይንካው" ብሎ በቅሎ ሰጣት።

ስድስት ዓመት እንዲህ ሆነ። ደብሪቱ ከመደብ ስትነሣ ሁለት ሰው የሚጎትታት ሆነች። ጎረቤቱ ግን "ተመችቷታል፤ አምሮባታል" ይል ነበር። ሰው ሲወፍር የሚያመሰግን ሞልቷል፤ ጉልበቱን ሲያመው የሚጠይቅ ግን የለም።

ዙሩ አንድ ዓመት ሲቀረው ደብሪቱ ደነገጠች። መጀመሪያ "ከነገ ጀምሮ በየጧቱ ተራራውን እወጣለሁ" ብላ ተሳለች። አንድ ቀን ሞክራ ሳምንት ተኛች። ቀጥላ መድኃኒተኛ አስጠራች፤ መራራ አጠጣት። ሦስት ቀን ጾመች፤ በአራተኛው የሦስቱን ቀን አካክሳ በላች። በመጨረሻ የሙሽርነት ቀሚሷን ግድግዳ ላይ ሰቀለች፤ "እሱን እያየሁ እጨክናለሁ" አለች። ቀሚሱን ባየች ቁጥር ከፋት፤ በከፋት ቁጥር በላች።

ውሃ የምትቀዳላት አስካለ የምትባል ሴት ነበረች፤ ምላሷ ስለት ነው። አንድ ቀን እንስራዋን አወረደችና፣

"እመቤቴ፣ ይህ ገሠሠ ስንት ጊዜ ሞተ?" አለቻት።

"ምን ማለትሽ ነው?"

"ስድስት ዓመት ሙሉ በሞቴ ሲል ሰማሁት። እስካሁን ግን አልቀበርነውም።"

ደብሪቱ ሳቀች፤ ስትስቅ ትንፋሽ አጠራት፤ ከዚያ አለቀሰች። "መሬቴን ሊወስደው ነው፣ አስካለ። አውቃለሁ። እያወቅሁም እግሬ አይነሣልኝም።"

"መሬቱማ ዓመት ይቀረዋል። ለከርሞ ብሎ ዛሬ የሚነሣ እግር የለም። አሁን፣ በዚህች ሰዓት፣ ምን ያምርዎታል?"

ደብሪቱ አሰበች። "ወሬ" አለች በመጨረሻ። "አንቺ ከምንጭ የምታመጪልኝ ወሬ እዚህ እስኪደርስ ይቀዘቅዛል።"

"እንግዲያው የቄሱ ሚስት ትናንት ምን እንዳደረገች ያውቃሉ?"

"ምን አደረገች?"

"በሩ ጋ ስንደርስ እነግርዎታለሁ።"

ደብሪቱ እያለከለከች ተነሣች። የመጀመሪያውን ወር እስከ በሩ ሄዱ፤ ወሬው ግን ገና ነበር። ሁለተኛውን ወር እስከ ግራሩ ሄዱ፤ ወሬው ግን ገና ነበር። በሦስተኛው ወር ምንጩ ጋ ደረሱ። እዚያማ ሴቶቹ ሁሉ ተሰብስበው ነበር፤ አንዱ ወሬ ሲያልቅ ሌላው ይጀመራል።

በየቀኑ ሄደች አልላችሁም። ዝናብ ሲጥል ትቀራለች፤ ሲከፋት ትቀራለች፤ በሦስተኛው ቀን የወሬው መጨረሻ ያስነሣታል። ገሠሠ ምሳ ሰዓት ሲመጣ ደብሪቱ የለችም። ጉርሻውን ማን ይብላው? ራሱ በላው።

ዓመቱ ዞረ። ደብሪቱ ሸንቃጣ አልሆነችም፤ ለምን እዋሻለሁ። ጉልበቷ ግን ጉልበት ሆነ።

የዙሩ ቀን ሽማግሎቹ ማለዳ መጡ፤ አለቃቸው አባ ውቤ ናቸው። ደብሪቱ ከመነሻው ድንጋይ ተነሣች፤ አስካለ ከጎኗ፣ ገሠሠ በበቅሎ ከኋላ። ቀትር ሲሆን ገሠሠ አገልግሉን ፈታ።

"እትዬ፣ ደክሞዎታል። ቁጭ ይበሉና በሞቴ ይቺን።"

"ሞትህን ለራስህ አስቀምጠው" አለች ደብሪቱ። "እኔ ገና መንገድ አለኝ።"

ሽማግሎቹ እርስ በርስ ተያዩ። እንዲህ ያለ መልስ ሰምተው አያውቁም።

ከሰዓት በኋላ ድንበሩ ወደ ቤት የሚታጠፍበት ማዕዘን ደረሱ። ገሠሠ ልትጨርስ መሆኑን ሲያይ ላብ አጠመቀው። "ድንበሩ እዚህ አይታጠፍም" አለ። "ወንዙ ድረስ ነው።"

"ከወንዙ ወዲህ ያለው ያንተ ማሳና ያንተ ቤት ነው እኮ" አሉ አባ ውቤ።

"የወንድሜ ነበር፤ ለእኔ ያዋሰኝ ነው።" በልቡ ግን፣ "እዚያ ስትወድቅ የእሷም የእኔም ተጠቅልሎ የእኔ ይሆናል" ይል ነበር።

"ትምላለህ?"

ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞሮ ማለ።

ደብሪቱ ወደ ወንዙ ወረደች። መንገዱ በእጥፍ ረዘመ። እርምጃዋ እያጠረ መጣ። ያን ጊዜ አስካለ ጠጋ አለችና፣ "እመቤቴ፣ የገሠሠን ሚስት ዛሬ ማለዳ ምንጭ ላይ አገኘኋት። ባሏ ምን እንዳላት ያውቃሉ?" አለች።

"ምን አላት?"

"መነሻው ድንጋይ ጋ ስንደርስ።"

"ይህ መደገፍ ነው" ሲል ገሠሠ ጮኸ።

"በእጇ አልነካቻትም" አሉ አባ ውቤ። "ወሬ በሕጉ አልተከለከለም። ደግሞ መጨረሻውን እኔም መስማት እፈልጋለሁ።"

ሽማግሎቹም እርምጃቸውን ፈጠን አደረጉ። ደብሪቱ ወንዙን ይዛ ሄደች፤ የገሠሠን ማሳ ዞረች፤ የገሠሠን ቤት ዞረች፤ ዳገቱን ወጣች። ፀሐይ ጋራውን ስትነካ የደብሪቱ እግር ድንጋዩን ረገጠ።

"አሁን ንገሪኝ" አለች።

"'ዕቃሽን ሸክፊ፤ ዛሬ ቤት እንለውጣለን' ብሏታል።"

ደብሪቱ ድንጋዩ ላይ እንደቆመች ገሠሠን አየችው። "እውነቱን ነው" አለች። "ይለውጣል።"

አባ ውቤ "የረገጥሽው ያንቺ" ብለው ፈረዱ። ድንጋዩ ጋ ሲጠብቁ የዋሉት የምንጩ ሴቶች እልል አሉ፤ እልልታው ወንዙን ተሻገረ። ገሠሠም ማሳውንም ቤቱንም በገዛ መሐላው አጥቶ፣ ዕቃው ተሸክፎ ስለቆየው አማቶቹ ዘንድ ገባ።

ልጆች፣ ለሰው ጉድጓድ የሚቆፍር ስፋቱን በራሱ ልክ ያደርገዋል። ሩቅ ያለ ተራራም እግር አያነሣም፤ እግር የሚያነሣው ቅርብ ያለ ደስታ ነው፤ ትንሽም ቢሆን፣ ወሬም ቢሆን። ተረቴ እዚህ ቆመ፤ እናንተ ግን አትቁሙ፣ ተነሡና እግራችሁን አፍታቱ።