ይርጋና ያልረጋለት አሬራ

በሉ ቀረብ ቀረብ በሉ። የደከመው ጋደም ይበል፣ የራበው ሆዱን ያዝ ያድርግ፤ የዛሬው ተረት የምግብ ነው።

ድሮ ነው አሉ። ድስት ቢናገር ሰው በማይደነግጥበት ጊዜ፣ እሳትም ሲጠሩት አቤት በሚልበት ጊዜ፣ ይርጋ የሚባል ድንጋይ ፈላጭ ነበር። ጎህ ሲቀድ ይወጣል፣ ድንጋይ ይፈልጣል፣ ድንጋይ ይሸከማል፣ ትከሻው ተልጦ ይመለሳል። እጁ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ተቀምጦ እንኳን አንድ ነገር ይነካካል፤ ወይ ገመድ ይገምዳል፣ ወይ የመዶሻውን እጀታ ያጠብቃል።

ሚስቱ የሻረግ ሴት ልጅ ወለደችለት። አራስ ሆና ትልቁ ቤት ተኛች፤ ማድቤቱ ሰው አጣ። ይርጋ ደግሞ ማድቤት ገብቶ እሳት ከማንደድ ያለፈ ነገር አያውቅም። አንድ ቀን ሽሮ ሠራሁ ብሎ አሳረረ። በማግስቱ ንፍሮ ቀቀልኩ ብሎ ጥሬውን አቀረበ። ትልቁ ልጅ ሰጠኝና ትንሿ ትሁኔ ደረቅ እንጀራ ቆርጥመው አደሩ።

ይሄን የሰሙት አማቱ፣ እማማ ደብሪቱ፣ ከወንዝ ማዶ በጠዋቱ መጡ። በር ላይ ቆመው፣ ሳይቀመጡ ተናገሩ።

«ይርጋ ልጄ፣ አንተ ክፉ ሰው አይደለህም። ግን ልጆቹ ከስተዋል። ልጄም የምትበላው አጥታ ጡቷ ሊደርቅ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ በቅሎ ይዤ እመጣለሁ። ቤቱ ውስጥ የሚበላ ነገር ካገኘሁ ጥሩ። ካላገኘሁ ልጄንም ልጆቹንም ይዤ እሄዳለሁ።»

«እስከ መቼ እማማ?» አለ ይርጋ።

«እሱን እንግዲህ እግዜር ያውቃል።»

ይርጋ ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ሲፈልጥ ልቡ ቤት ነበር። ልጅ የማይንጫጫበት ቤት፣ ሕፃን የማያለቅስበት ቤት፣ ገብቶ ብቻውን የሚተኛበት ቤት ታየው።

ደግነቱ ያን ዕለት ጎረቤታቸው ወተት ንጣ፣ ከቅቤው የአራሷ አናት ላይ ቀብታ፣ አሬራውን በትልቅ ቅል ትታላቸው ወደ ለቅሶ ሄዳ ነበር። ይርጋ ሲመለስ ልጆቹ ደጅ ላይ ተቀምጠው ያዩታል።

«አባ፣ ዛሬ ምን አለ?» አለች ትሁኔ።

ይርጋ ቅሉን አየ። «አይብ» አለ።

አፉ አምልጦት ነው እንጂ አይብ እንዴት እንደሚሠራ የት አውቆ።

ድስቷን ጉልቻው ላይ ጣደ። ድስቷ ትንሽ ናት፣ ከአሬራው ሲሶውን ብቻ ነው የያዘችው። ምድጃው አጠገብ ድመቷ ውሮ አንድ ዓይኗን ገልጣ ተጋድማለች።

«ውሮ፣» አለ ይርጋ፣ «እኔ የድንጋይ አቧራ ለብሻለሁ፣ ሕፃኗ ጋ እንዳትቀርብ ተብያለሁ። ሩጪና የሻረግን ጠይቂልኝ። አይብ እንዴት ነው የሚሠራው?»

ውሮ ሄደች። የሻረግ ሕፃኗን እያጠባች፣ «እሳቱን በጣም ያሳንሰው። ከዚያ ተወው በይው። ራሱ ይረጋል» አለች።

ውሮ ስትመለስ መንገድ ላይ አሰበች። አይቡ ካማረ ለማን ነው? ለሰው። ከተበላሸስ? ለኔ። መጣችና ጭራዋን ጠቅልላ ተቀመጠች።

«ምን አለች?» አለ ይርጋ።

«ተወው አለች።»

«ሌላስ?»

«ተወው ነው ያለችው። ካላመንከኝ ጠይቃት።»

ይርጋን ከፋው። ተወው? ሰው ሰውን ተወው የሚለው ተስፋ ሲቆርጥበት ነው። ይሄኔ እሷም እንደ እናቷ፣ አይችልም ብላኛለች ማለት ነው።

«አልተውም» አለ።

እሳቱ ከጉልቻው መሃል ብድግ አለ። «ለምን ትተዋለህ? ማገዶ ጨምርልኝ። እኔ ያላበሰልኩት ምን አለ?»

«ይሄ ይበቃሃል?»

«እኔና በቃኝ ተዋውቀን አናውቅም። ጨምር።»

ጨመረለት። እሳቱ ተንበለበለ፤ አሬራው ዘለለ፣ ገነፈለ፣ ሥሩ አረረ፤ ላዩ ላይ የቀረችው እንደ ጠፍር ጠነከረች። ሰጠኝ ከሷ ላይ ቁራሽ አፉ ውስጥ ከቶ አኘከ፣ አኘከ፣ አኘከ።

«አባ፣ ይሄ ለጅራፍ ነው ለእራት?» አለ።

«ለኔ ስጡኝ፣ ጥርሴ ደህና ነው» አለች ውሮ። በላችው።

ይርጋ ድስቷን አጥቦ ሁለተኛውን ቀዳ። ውሮን እንደገና ላካት። የሻረግ ሕፃኗን እያባበለች፣ «እሳት በዝቶበት ነው። ደግሞ እንዳያማስለው። ተወው በይው፤ እጁን ያንሳ» አለች።

«ምን አለች?» አለ ይርጋ።

«ተወው አለች።»

«አሁንም?»

«አሁንም። ድምጿም ደከም ብሏል።»

ይርጋ ጥርሱን ነከሰ። ይሄኔ ማማሰያው ከተሰካበት ግድግዳ ላይ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ወንድሜ፣ እኔን ረስተህ እኮ ነው። ገንፎ ያለ እኔ ይሆናል? ሽሮ ያለ እኔ ይሆናል? አይብ ምን ልዩ ዘር ኖሮት ነው? አውርደኝ።»

ይርጋ ደስ አለው። እጁ የሚሠራው አገኘ። እሳቱን መጠን አድርጎ ማማሰል ጀመረ። አሬራው ሊረጋ ሲል ማማሰያው ይበትነዋል። ደግሞ ሊረጋ ሲል ደግሞ ይበትነዋል።

«ኧረ ይርጋ፣ ሆዴ ዞረብኝ» አለች ድስቷ።

«ትንሽ ልበለው።»

«ትንሽ ትንሽ እያልክ እኮ ነው እዚህ የደረስነው።»

አልሰማትም። በመጨረሻ ፍርፋሪ የተበተነበት ውሃ ሆኖ ቀረ። ትሁኔ ድስቷ ላይ አጎንብሳ ፈለገች።

«አባ፣ አይቡ የት ሄደ?»

ይርጋ ማማሰያውን መልሶ ግድግዳው ላይ ሰካው።

«ለኔ ስጡኝ፣ ውሃ ጠምቶኛል» አለች ውሮ። ጠጣችው። ሆዷ እንደ ቅል ተነፋ።

ፀሐይዋ ተራራው ላይ ተቀምጣለች። ከወንዙ ማዶ አንዲት ሴትዮ በቅሎ እየሳበች ስትወርድ ትታያለች፤ እማማ ደብሪቱ ናቸው። ይርጋ የቀረውን አሬራ እስከ ጠብታው ድስቷ ውስጥ ገለበጠ። ከዚህ ሌላ የለም።

«ልሂድና ልጠይቅልህ?» አለች ውሮ።

«ምን ልትይኝ? ተወው ነው የምትይኝ።»

ማገዶ ሊያነሳ ጎንበስ አለ። ትከሻው እንቢ አለው። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰም። ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተና መሬት ላይ ተቀመጠ።

«በቃ፣» አለ፣ «ተውኩት። እማማም ይውሰዷቸው። እኔ አልቻልኩም።»

«ጨምርልኝ እንጂ» አለ እሳቱ።

«አቅም የለኝም።»

«አንሳኝ እንጂ» አለ ማማሰያው።

«እጄ አይነሳም።»

እሳቱ እያጉረመረመ አነሰ፣ ፍም ሆነ። ማማሰያው አኮረፈ። ማድቤቱ ውስጥ ዝምታ ሆነ። በዝምታው መሃል ከድስቷ ውስጥ ቀጭን ድምፅ ወጣ።

«እፎይ።»

«ማነው?» አለ ይርጋ።

«እኔ ነኝ፣ አሬራው። አንዱ ሲለበልበኝ፣ አንዱ ሲበትነኝ፣ እስካሁን አንድ ቃል መናገር አልቻልኩም። አሁን ገና ሞቅ አለኝ። እባክህ ባለህበት ሁን።»

«ምንም ሳላደርግ?»

ድስቷ ሳቀች። «አባትህ ይርጋ ብለው ስም አወጡልህ፤ አንተ ግን አንድ ቀን ረግተህ አታውቅም። አንተ ሳትረጋ እሱ በምን ይርጋ?»

ይርጋም ሳይወድ ሳቀ። ግን እጁ አላስቻለውም፤ ልክደነው ወይስ ልግለጠው እያለ ወደ ድስቷ ተሰነዘረ።

«እንዳትነካኝ» አለች ድስቷ።

ሁለት እጁን እግሩ ሥር አድርጎ ተቀመጠባቸው። ልጆቹም ግራና ቀኝ መጥተው እንደ እሱ እጃቸው ላይ ተቀመጡ። እንደዚያ ሆነው አዩ። መጀመሪያ ከዳር ነጭ ነገር ብቅ አለ። ከዚያ እየተጠጋጋ፣ እየተቃቀፈ ወደ መሃል መጣ። ከሥሩ ውሃው ጠራ። ማንም አልነካውም፤ ራሱን ራሱ ሰበሰበ።

«አባ፣ መጣ» አለች ትሁኔ በሹክሹክታ፣ አይቡ ሰምቶ እንዳይሄድ ብላ።

ይርጋ ቀስ ብሎ ወደ ድመቷ ዞረ። «ውሮ፣ የሻረግ ተወው ስትል፣ አሬራውን አትነካካው ማለቷ ነበር?»

ውሮ እግሯን ላሰች። «ተወው አላለችም? አልዋሸሁህም። ከፊትና ከኋላው ሌላ ወሬ ነበረው፤ ረጅም ሆነብኝ። አፌ ደግሞ ትንሽ ነው።»

«ለመብላት ግን አላነሰሽም።»

ውሮ ልትሸሽ ብትል ሆዷ ከብዷት መሮጥ አቃታት። ማማሰያው ግድግዳው ላይ ሆኖ ሳቀባት።

ይርጋ ድስቷን አወረደ። ቀዝቀዝ ሲል ውሃውን በጨርቅ አጠለለ። ሰጠኝ ከጓሮ ጎመን ቀንጥሶ መጣ፤ ከትፈው ቀቀሉት። ከዚያ ያቺኑ አንድ አይብ ለሁሉም እንደ ሆዱ አደረጓት። ለትሁኔ ባዶውን፣ እንጀራ ላይ። ለሰጠኝ ሚጥሚጣ ነስንሰው፤ ትልቅ ነኝ ብሎ ብዙ አስደረገና እንባው ወረደ፣ መብላቱን ግን አላቆመም። ለየሻረግ ከጎመኑ ጋር ለውሰው፣ ቅቤ ጠብ አድርገው ልጆቹ ወሰዱላት።

«ማን ሠራው?» አለች የሻረግ።

«አባ እጁ ላይ ተቀምጦ ነው የሠራው» አለች ትሁኔ። የሻረግ ሕፃኗ እስክትነቃ ድረስ ሳቀች።

የበቅሎ ኮቴ ደጅ ላይ ቆመ። እማማ ደብሪቱ ገቡ። የልጆቹን አፍ አዩ፤ ዙሪያውን ነጭ ሆኗል። የልጃቸውን ሳህን አዩ፤ ተጠርጓል። ወደ ማድቤቱ ሄደው ጎንበስ ብለው ከድስቷ ቆንጠር አደረጉና ቀመሱ። ደግመው ቀመሱ።

«ጨው ያንሰዋል» አሉ። ደግመው ቆነጠሩ።

ይርጋ በበሩ ወደ በቅሎዋ አየ። «ልጆቹን ልጫንልዎት፣ እማማ?»

«የምን መጫን ነው?» አሉ አፋቸውን እየጠረጉ። «ኮርቻውን አውርድላት፣ ሣርም ስጣት። ዛሬ እዚሁ አድራለሁ። ጠዋት ወተት እንዴት እንደሚናጥ አሳይሃለሁ። እሱ ደግሞ መነቅነቅ ነው የሚፈልገው፤ ሄደህ እጅህ ላይ እንዳትቀመጥበት።»

አያችሁ፣ አንዳንዱ ሥራ በእጅ ይሠራል፤ አንዳንዱ ደግሞ እጅ ሲነሳለት። የትኛው የቱ እንደሆነ የለየ ሰው ልጆቹን አብልቶ ያድራል፤ እሱም ትንሽ ያርፋል።

የኔ ወሬ እዚህ ላይ ረጋ። እናንተ አጥልሉት፤ አይቡ ለልጆች፣ ውሃው ለድመት።