የአቶ መንበሩ አንድ ብርጭቆ

አተላ ማለት እርሾ ወይኑን አፍልቶ ሲያበቃ በጠርሙሱ ውስጥ የሚቀረው ዝቃጭ ነው። ያለ እሱ ወይኑ አረፋ አያወጣም፤ ከእሱ ጋር ደግሞ አይጠጣም።

ከዝዋይ ሐይቅ ማዶ አቶ መንበሩ የሚባሉ ገበሬ፣ መርዝ ሳይረጩ ካለሙት ወይን አረፋ ያለው መጠጥ ይጠምቁ ነበር። አልጋ ያዙና ሚስታቸውን፣ «አያልነሽ፣ ሳልሞት አንድ ብርጭቆ የጠራ አቅምሺኝ» አሏቸው።

እትዬ አያልነሽ ጓዳ ገቡ። «ወይን፣ ጥራ! ባሌ ሊሞት ነው።»

«አተላው ካልወረደ አልጠራም።»

«አተላ፣ ውረድ! ወይኑ አልጠራም አለ፤ ባሌ ሊሞት ነው።»

«ጠርሙሱ በአፉ ተደፍቶ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ካልዞረ አልወርድም።»

«ጠርሙስ፣ ዙር! አተላው አልወርድም አለ፤ ወይኑ አልጠራም አለ፤ ባሌ ሊሞት ነው።»

«የጌጡ እጅ ካልሆነ አልዞርም። አንቺ ትነቀንቂኛለሽ።»

እውነቱን ነው። እትዬ አያልነሽ በቀደም ሞክረው የወረደውን ሁሉ መልሰው አደፍርሰውታል።

ጌጡ የባላቸው ታናሽ ወንድም ነው፤ እርሻቸው ድንበርተኛ ነው። ጌጡ መርዝ ሲረጭ ነፋስ ወሰደበትና የወንድሙ ተክል ላይ አረፈ። አቶ መንበሩ ፍሬውን በሙሉ ደፉት። ከዚያ ወዲህ አይነጋገሩም።

«ጌጡዬ፣ እጅህን አውሰኝ! ጠርሙሱ አልዞርም አለ፤ አተላው አልወርድም አለ፤ ወይኑ አልጠራም አለ፤ ወንድምህ ሊሞት ነው።»

ጌጡ መሬት መሬት አየ። «እትዬ፣ እጄማ ምን ገዶት? እግሬ ነው እንቢ ያለው። ‹ደጄን እንዳትረግጥ› ብሎኛል። በራሱ አፍ ና ይበለኝ።»

ተመለሱ። «አንተ ሰው፣ ና በለው! የጌጡ እግር አልሄድም አለ፤ እጁ ያለ እግሩ አልነካም አለ፤ ጠርሙሱ አልዞርም አለ፤ አተላው አልወርድም አለ፤ ወይኑ አልጠራም አለ፤ አንተም ልትሞት ነው።»

አቶ መንበሩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «ምላሴ እሺ አይለኝም።»

«እሱም አኮረፈ? እንግዲያው ደፍርሶ ይቅር! አንተንስ እድሩ ይቀብርልኛል፤ ያን ሁሉ ጠርሙስ ማን ይቅበርልኝ?»

አቶ መንበሩ ሳቁ። ሳቁ ሳል ሆነ፤ ሳሉ እንባ ሆነ። «መስኮቱን ክፈቺልኝ» አሉ። ከዚያም በቀራቸው ትንፋሽ፣ «ጌጡ! ና እስቲ አንተ ልጅ!»

ምላሱ ና አለ፤ እግሩ ሄደ፤ እጁ ነካ፤ ጠርሙሱ ዞረ፤ አተላው ወረደ፤ ወይኑ ጠራ። ይህ ሁሉ በአንድ ጀምበር አልሆነም። ጌጡ በየማለዳው እየመጣ ያዞራል፤ አቶ መንበሩ እየከሱ ይጠብቃሉ። ወንድማማቾቹ ያወሩት ስለ ዝናብ ብቻ ነው።

በመጨረሻ ጌጡ አተላውን አስወጥቶ አንድ ብርጭቆ ቀዳ። አቶ መንበሩ ቀመሱና፣ «ይጎመዝዛል» አሉ።

ጌጡም ከዚያው ብርጭቆ ቀመሰው፤ እውነትም ይጎመዝዛል። በማግስቱ አቶ መንበሩ ተቀበሩ።