ከናሆም ሒሳብ የተመለሰው ገንዘብ

ከሌባ እጅ የተመለሰ ገንዘብ የማን ነው? ይህን ጥያቄ ሦስት ዓመት ተሸክሜዋለሁ። መጻሕፍት ውስጥ ፈልጌ አጣሁት፤ ሰው መጠየቅ ደግሞ ያሳፍረኛል። ስለዚህ ከነሰዎቹ፣ እንደ ተረት ላቅርበውና እናንተ ተከራከሩበት።

በአንድ ወቅት ኮምቦልቻ ውስጥ እትዬ ፋጤ የሚባሉ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ነበሩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ፋብሪካ ውስጥ ክር ሲፈትሉ ኖረው ጡረታ ወጡ። ሦስት ልጆች ነበሯቸው። የመጀመሪያው ይመር ባጃጅ ይነዳል። መካከለኛዋ ዘምዘም በግል መዋዕለ ሕፃናት ታስተምራለች። የመጨረሻው ሙሄ ስልክ ጠጋኝ ነው፤ ከእጁ ይልቅ ምላሱ ይሠራል። ሙሄ ካግባባው የሞተ ስልክም ይጠራል ይባል ነበር።

የእትዬ ፋጤ ኩላሊት መድከም ጀመረ። ሐኪሙ ኩላሊታቸው የሚቆየው ጥቂት ወራት ቢሆን ነው፣ ከዚያ በሳምንት ሁለት ጊዜ ደሴ እየሄዱ ደማቸውን በመሣሪያ ማሳጠብ ግድ ይሆንባቸዋል አለ። ከፋብሪካው ሲወጡ የተሰጣቸውና እቁባቸው ተደምሮ አራት መቶ ሺህ ብር ነበራቸው። ሲያሰሉት ሁለት ዓመት እንኳ አያዘልቅም።

ይህን ጊዜ ናሆም መጣ። ከአንድ መድኃኒት ቤት በላይ ክፍል ተከራይቶ፣ በስልክ ወርቅና ዶላር የሚያገበያይ የውጭ ድርጅት ወኪል ነኝ የሚል ወጣት ነው። እትዬ ፋጤ ሞኝ አልነበሩም። መጀመሪያ ወለድ አለበት ወይ ብለው ጠየቁት፤ የለውም፣ ንግድ ነው አላቸው። ቀጥለው ዋስ አምጣ አሉት። እኛ ሰፈር የማይታወቅ ሰው ዋስ ይጠራል፤ ዋስ ካቆመ ቤትም ይከራያል፣ እቁብም ይሰጠዋል። ናሆም ለአገሩ እንግዳ ነው፣ ዋስ የሚሆነው ዘመድ የለውም። ግን በየቀኑ የሚመላለሰው በይመር ባጃጅ ነበር። «አያ ይመር፣ እናትህ እኮ ናቸው። ለእሳቸው ብለህ ፈርምልኝ» አለው። ይመር ፈረመ። እትዬ ፋጤም ወረቀቱ ላይ የልጃቸውን ስም ሲያዩ ልባቸው አረፈ፤ በገዛ ልጃቸው ዋስትና ገንዘባቸውን ለማያውቁት ሰው ቆጥረው ሰጡ።

ናሆም ስልካቸው ላይ በጫነው መተግበሪያ አራት መቶው ሺህ በአምስት ወር ዘጠኝ መቶ ሺህ ሆነ። ሕክምናው የሚጀመርበት ቀን ሲደርስ ገንዘቡ ይውጣልን አሉ። ስልኩ «ጥያቄዎ በሂደት ላይ ነው» አለ። ሳምንት አለፈ፤ ወር አለፈ፤ ያው በሂደት ላይ ነው። ከዚያ ገንዘቡ የሚለቀቀው መጀመሪያ አንድ መቶ ስልሳ ሺህ ብር ግብር ሲከፈል ነው የሚል መልእክት መጣ። ናሆም ራሱን በሐዘን እየነቀነቀ፣ ሕጉ የውጭዎቹ ነው፣ እኔ ምን ላድርግ ይል ጀመር።

ይመር ባጃጁን ሸጠ። ዘምዘም አትክፈል፣ ይህ ሰው መቀበል እንጂ መስጠት አያውቅም ብላ ለምናው ነበር። «ስሜ ከሥር ተጽፏል፣ እታለም» አላት። «ዋስ ዳር ቆሞ አያይም።» ናሆም በነገረው የባንክ ሒሳብ መቶ ስልሳውን ሺህ አስገባ፤ የተረፈው ባጃጁ የተገዛበትን ብድር ዘጋ። ገንዘቡ ግን አልተለቀቀም፤ ሌላ ክፍያ ተጠየቀ። ይመር ሲሚንቶ ተሸካሚ ሆነ። የቀረው የባንኩ ደረሰኝ ብቻ ነበር። ናሆም እስከዚያ ቀን በእጅ ብቻ ይቀበል ስለነበር፣ ስሙና የሒሳብ ቁጥሩ አንድ ላይ የሰፈሩበት የመጀመሪያው ወረቀት ያ ደረሰኝ ነው።

ዘምዘም ደረሰኙን ይዛ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። ድርጅቱ ያለው ውጭ አገር ነው ተባለች። ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ሄደች፤ ነገ ነይ ተባለች። በመጨረሻ በእናቷ ውክልና ናሆምን በፍትሐ ብሔር ከሰሰች፤ ማመልከቻውን የጻፈችው ራሷ ናት። አሥራ አራት ወር ተመላለሰች፤ በየቀጠሮው ክፍሏን ጥላ ስትሄድ ትምህርት ቤቱ አሰናበታት። ናሆም ቢሮውን ወደ ደሴ አዛውሮ አንድ ቀን እንኳ ችሎት አልቀረበም፤ በሌለበት ተፈረደበት። ሒሳቡ ሲታይ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ብር ተገኘበት። ዳኛው ሒሳቡ እንዲታገድ የጻፉትን ትእዛዝ ስትቀበል የመዝገብ ቤቱ ሰው፣ «እህቴ፣ ባዶ ጎተራ ብትቆልፊው ምን ያደርግልሻል?» አላት።

በዚህ ሁሉ ጊዜ እትዬ ፋጤ በሳምንት ሁለቴ የሚገባውን አንዴ፣ ሲጠፋም በሁለት ሳምንት አንዴ ይታጠቡ ነበር። እግራቸው አብጦ ጫማ አልገባላቸው አለ።

ሙሄ ደሴ ወጥቶ የናሆምን ጉልበት ስሞ ሥራ ስጠኝ አለው። ናሆም ሳቀበት። «እህትህ ትከሰኛለች፣ አንተ ጉልበቴን ትስማለህ። ቤታችሁ ፓርላማ ነው እንዴ?» ሙሄ፣ እሷ ወረቀቷን ትብላ፣ እኔ እንጀራ ነው የምፈልገው ብሎ አግባባው። ከዚያ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከሰፈራችን ሰባት ቤቶችን አስገባ። ለሁሉም የነገራቸው አንድ ነው፦ የእናቴ ገንዘብ ዘግይቶም ቢሆን ከነትርፉ ወጣ። ሰባቱም በአንድ ቀን፣ በዚያው በደረሰኙ ላይ ባለው ሒሳብ እንዲያስገቡ አደረገ። ዘምዘምን ደግሞ ትእዛዙን እኔ ሳልነግርሽ ለባንኩ እንዳትሰጪ አላት። አራት ቀን በቦርሳዋ ያዘችው። ሒሳቡ ውስጥ የሚገባው ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ አልጠየቀችም። በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ ደወለላት፤ ያላት አንድ ቃል ነው፦ «አሁን።» ባንኩ ሒሳቡን ሲዘጋ አራት መቶ አሥር ሺህ ብር ነበረበት። ናሆም በማግሥቱ ከደሴ ጠፋ።

ገንዘቡ በፍርድ ቤት በኩል እስኪወጣ ሁለት ወር ፈጀ። እትዬ ፋጤ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ሞቱ። ከመሞታቸው በፊት ሦስቱን ጠርተው፣ ገንዘቡ ከተገኘ መጀመሪያ ለይመር ባጃጁን ግዙለት፣ በእኔ ምክንያት ጎበጠ ብለው ነበር። ከየት እንደሚገኝ ግን እሳቸው አያውቁም ነበር። ሰባቱም ቤቶች ከእትዬ ፋጤ ቤት ጋር የአንድ ቅሬ ሰዎች ነን፤ ሙት አብረን እንቀብራለን። ቀብሩን ቆፈሩ፣ ቃሬዛውን ተሸከሙ። ሙሄ ያደረገውን ያን ጊዜ ማንም አልሰማም ነበር። በሰሙ ጊዜ ገንዘቡ ወጥቷል።

ከሰደቃው በኋላ ሦስቱ ልጆች በእናታቸው ክፍል ተቀመጡ። ይመር፣ የእናቴ ቃል ስላለ ለእኔ ይድረስ አለ። ዘምዘም ፍርዱ የእናታችን ነው፣ እኔ ሥራዬን የሰጠሁበት ፍርድ ነው፣ ከማንም ኪስ አልገባሁም አለች። ሙሄ ግን ለሰባቱ ይመለስ አለ።

«በእናታችን ገንዘብ ስምህን ልታጥብ ነው?» አለው ይመር።

«ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ አያ።»

ዘምዘም፣ ለሰባቱ ብንመልስ እናታችንን ማን ይመልስልናል አለች። ሙሄ ወደ እሷ ዞረ።

«ትእዛዙ አራት ቀን ቦርሳሽ ውስጥ ሲያድር፣ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ አላወቅሽም፣ እታለም?»

ሊስማሙ ስላልቻሉ ገንዘቡን ገለልተኛ ሰው ይያዘው ተባባሉ። ሙሄ የእኔን ስም ጠራ። የቅሬውን መዝገብ የምጽፈው እኔ ነኝ፤ ዝምተኛ ነኝ፣ ተምራለች ይባላል። ሌሎቹ ወዲያው ተስማሙ። ገንዘቡ በእኔ ስም ባንክ ገባ፤ አንቺ የፈረድሽውን እንቀበላለን አሉኝ።

ሦስት ዓመት አልፈረድኩም። የይመር ወገብ አሁን ከባድ አያነሳም። ዘምዘም የሰዎችን ልጆች ቤት ለቤት ታስጠናለች። ሙሄ በሰፈራችን አያልፍም፤ ሰላምታ የሚመልስለት የለም። ከሰባቱ ቤቶች የአንዱ ሴት ልጅ ትምህርት አቋርጣ ለሥራ ወደ ዓረብ አገር ሄዳለች።

ከሰባቱ ሌላው ደግሞ የእኛ ቤት ነው። አባቴ ለሁለተኛ ዲግሪዬ ያጠራቀመውን ሰባ ሺህ ብር ነበር ያስገባው። ገንዘቡ በእኔ እጅ እንዳለ ያውቃል፤ አንድ ቀን እንኳ አላነሳብኝም። ይመርና ዘምዘም ይህን አያውቁም። ሙሄ ያውቃል፤ የመረጠኝም እያወቀ ነው።

አሁን ወስኛለሁ። በሚመጣው እሑድ ቅሬው ሲሰበሰብ የባንኩን ቼክ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለሁ። ይህን የጻፍኩትን የእኛን ቤት ሳልዘል አነባለሁ፤ ከዚያ እቀመጣለሁ፣ እጄንም ለማንም አላነሳም። እጅ የምታነሱት እናንተ ናችሁ። ገንዘቡ ለማን ይገባል? ስሙን ብሎ ባጃጁን ለሸጠው፣ በሕግ ለተመላለሰችው፣ በውሸት ላመጣው፣ ወይስ ለተዋሸባቸው?