ፈታሹ፣ አራሷና አልተኛ ያለው ሕፃን

ልጀምር ነው፤ ትንፋሽ ያላችሁ ተከተሉኝ፣ የሌላችሁ አርፋችሁ ስሙኝ።

እንዳሻው የሚባል ፕሮግራመር ነበር። ሜላት የምትባል የአራት ዓመት ልጅ አለችው። ማታ እሱ ሲገባ እሷ ተኝታለች፤ ግንባሯን ስሞ ያልፋል። ጠዋት «ትናንት አልመጣህም» ትለዋለች። «መጥቼ ስሜሻለሁ» ቢላት አታምነውም፤ ምኑን ታምን! አንድ ቀን ጠዋት የሸሚዙን ጫፍ ያዘችና፣ «አባዬ፣ ዛሬ ሳልተኛ ና» አለችው።

«እሺ የኔ እናት» አላት። ከአንጀቱ ነበር።

እንዳሻው የሚሠራው የአውቶብስ ሰዓት የሚናገር የስልክ ፕሮግራም ነው። የዚያን ቀን ተረኛ እሱ ስለነበር አዲሱ ሥራ ለተጠቃሚዎች ሳይለቀቅ ከቢሮ መውጣት አይችልም። ሥራው ደግሞ ፈታሹን ሳያልፍ አይለቀቅም። ፈታሽ ያልኳችሁ በር ላይ ቆሞ ኪስ የሚዳብሰውን አይደለም፤ ሰው የጻፈውን ኮድ መስመር በመስመር እያነበበ ስህተት የሚለቅም ሌላ ፕሮግራም ነው። ከቀትር በኋላ ቢያስነሳው፣ አንድ ትልቅ ፎልደር ውስጥ ገብቶ ስህተት ተሸክሞ ወጣ። «አላሳልፍም!» አለ። ፈታሹ ካላሳለፈ ሥራው አይለቀቅም፤ ሥራው ካልተለቀቀ እንዳሻው አይወጣም፤ እንዳሻው ካልወጣ ሜላት አባቷን አታይም።

ፎልደሩ ውስጥ ያለው ኮድ እኮ ማሽን ያመረተው እንጂ ሰው የጻፈው አይደለም፤ ፈታሹ እዚያ ምን ዶለው? እንዳሻው ወደ ሴቲንጓ ሄደ። ሴቲንጓ ፈታሹ የቱን አንብቦ የቱን እንደሚተው የምታዝ ትንሽ ፋይል ናት። «ይህን ፎልደር ተው በይልኝ» አላት። «አለቃው ካልፈቀዱ አንዲት መስመር አልቀበልም» አለች። ሴቲንጓ ካላዘዘች ፈታሹ አያሳልፍም፤ ፈታሹ ካላሳለፈ ሥራው አይለቀቅም፤ ሥራው ካልተለቀቀ እንዳሻው አይወጣም፤ እንዳሻው ካልወጣ ሜላት አባቷን አታይም።

አለቃው አቶ ልዑልሰገድ ጥሩ ሰው ናቸው፤ ጥንቃቄያቸው ግን ያስለቅሳል። «ፎልደሩን የሠራችው ፍሬሕይወት ናት። በእጇ የጻፈችው ነገር መሃሉ ቢኖርስ? ሳይፈተሽ ሊሾልክ ነው? እሷ ካልተናገረች አልፈቅድም» አሉት። እውነታቸውን ነው። ፍሬሕይወት ካልተናገረች አለቃው አይፈቅዱም፤ አለቃው ካልፈቀዱ ሴቲንጓ አታዝም፤ ሴቲንጓ ካላዘዘች ፈታሹ አያሳልፍም፤ ፈታሹ ካላሳለፈ ሥራው አይለቀቅም፤ ሥራው ካልተለቀቀ እንዳሻው አይወጣም፤ እንዳሻው ካልወጣ ሜላት አባቷን አታይም።

ፍሬሕይወት ደግሞ አራስ ናት። እንዳሻው ደወለላት። ደንብ ያለው ሰው ነውና አራስን ሳይመርቅ ስለ ፎልደር አይጠይቅም። «እንኳን ማርያም ማረችሽ! እንዴት ነሽ? ልጁ ጡት ይዞልሻል? እናትሽስ? ባለቤትሽስ?» እያለ ሲወርድ፣ ጥያቄው ጋ ሳይደርስ ሕፃኑ ለቅሶውን አቀለጠው። «ወይኔ፣ ተነሳብኝ! ይተኛልኝና እናወራለን» ብላ ዘጋችው። ጥቂት ቆይቶ ደወለ፤ መረቀ፤ ሕፃኑ አለቀሰ። መልእክት አይልክላትም? ትሉኝ ይሆናል። ልኳል፤ ልጅ የታቀፈች እናት መቼ ታነበዋለች! ስልኩን አትዘጋውም? ሹፌር ባሏ የሞያሌ መንገድ ላይ ነው፤ ድምፁን ካልሰማች አታርፍም። ሕፃኑ ካልተኛ ፍሬሕይወት አትናገርም፤ ፍሬሕይወት ካልተናገረች አለቃው አይፈቅዱም፤ አለቃው ካልፈቀዱ ሴቲንጓ አታዝም፤ ሴቲንጓ ካላዘዘች ፈታሹ አያሳልፍም፤ ፈታሹ ካላሳለፈ ሥራው አይለቀቅም፤ ሥራው ካልተለቀቀ እንዳሻው አይወጣም፤ እንዳሻው ካልወጣ ሜላት አባቷን አታይም።

እንደገና ሲደውል ያነሱት የፍሬሕይወት እናት እማማ ዘነቡ ናቸው። «ልጄ፣ እግዜር ይስጥልን፣ ምርቃትህ ደርሶናል። ግን ይሄ ልጅ ዓይኑን በከደነ ቁጥር ስልኩ ያስነሳዋል። የሚደውለውም አንተ ነህ» አሉት።

እንዳሻው አፈረ። ሜላት ሕፃን ሳለች አስተኝቷት፣ መንገድ ላይ ጥሩምባ ባሰማ መኪና ሁሉ ሲናደድ የነበረው እሱ አልነበረም? እንዳሻው ካልተወ ስልኩ ዝም አይልም፤ ስልኩ ዝም ካላለ ሕፃኑ አይተኛም፤ ሕፃኑ ካልተኛ ፍሬሕይወት አትናገርም፤ ፍሬሕይወት ካልተናገረች አለቃው አይፈቅዱም፤ አለቃው ካልፈቀዱ ሴቲንጓ አታዝም፤ ሴቲንጓ ካላዘዘች ፈታሹ አያሳልፍም፤ ፈታሹ ካላሳለፈ ሥራው አይለቀቅም፤ ሥራው ካልተለቀቀ እንዳሻው አይወጣም፤ እንዳሻው ካልወጣ ሜላት አባቷን አታይም።

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ ተቀመጠ። ፀሐይዋ ትወርዳለች፤ ሜላት ታሳዝነዋለች፤ ልቡ ደውል ደውል ይለዋል። አልደወለም።

ብዙ ቆይቶ ስልኩ ጠራ። ፍሬሕይወት ናት፤ በሹክሹክታ። «እንዳሻው፣ ምርቃቱን ተወውና ጥያቄህን አምጣ።»

«ፎልደሩን ፈታሹ ይተወው?»

«ይተወው። ሰዓት የምታሰላዋን ፋይል ግን በእጄ ነው የጻፍኳት። እሷን ብቻ ያንብባት።»

ከዚያማ ምን ይጠየቃል! እንዳሻው ስለተወ ስልኩ ዝም አለ፤ ስልኩ ዝም ሲል ሕፃኑ ተኛ፤ ሕፃኑ ሲተኛ ፍሬሕይወት ተናገረች፤ ፍሬሕይወት ስትናገር አለቃው ፈቀዱ፤ አለቃው ሲፈቅዱ ሴቲንጓ አዘዘች፤ ሴቲንጓ ስታዝ ፈታሹ ያችን አንዲት ፋይል አነበበና ነቀፋ ቢያጣባት አሳለፈ፤ ፈታሹ ሲያሳልፍ ሥራው ተለቀቀ፤ ሥራው ሲለቀቅ እንዳሻው ጃኬቱን እንኳ በወጉ ሳይለብስ ወጥቶ በረረ።

ቤቱ ሲደርስ ሜላት ሮጣ አልተቀበለችውም። ሶፋው ላይ ቁጭ ብላ፣ እንዳይከደኑባት ዓይኖቿን በጣቶቿ ገልጣ ይዛ ነበር።

«መጣህ?» አለችው።

«መጣሁ የኔ እናት።»

አጠገቧ ሲቀመጥ ደህና አድርጋ አየችው። ከዚያ ጣቶቿን ለቀቀች፤ ዓይኖቿ ተከደኑ፤ ክንዱ ላይ እንቅልፍ ይዟት ሄደ። እንዳሻው እራቱ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ከተቀመጠበት አልተነቃነቀም።

ተረቴም አብራት ተኛች፤ እናንተም በቀስታ ተነሱ።