መውረጃውን ያላወቀው ነጋዴ

አንድ ዘርጋው የሚባል የማር ነጋዴ ነበር። እሱ የሚኖረው ቆላ ውስጥ በምትገኝ ሞቃት ከተማ ሲሆን እናቱ ደግሞ በተራራ አናት ላይ ባለ ሐይቅ ዳር ትኖር ነበር። ሐይቁ ዙሪያውን በገደል ተከቧል። ወደዚያ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ ተራራውን ይወጣል፤ ከዚያ ከአፋፉ ወደ ውሃው ይወርዳል።

እናቱ መልእክተኛ ባገኘች ቁጥር "ልጄ ናፍቆኛል፤ ይምጣ" ትላለች። እሱም "መንገዱ ይሠራና እመጣለሁ" ብሎ ይመልሳል። ዐሥራ ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። መንገዱም አልተሠራም፤ ዘርጋውም አልሄደም። ብዙ አንፍረድበት፤ ሁላችንም "ይሠራና እሄዳለሁ" የምንለው አንድ መንገድ አለን።

አንድ ሐሙስ ከደጋ የመጣ ሰው ሱቁ ድረስ ገብቶ፣ "እናትህ ተኝታለች። እህል ከቀመሰች ሰነበተች። እስከ ቅዳሜ ከደረስክ በሕይወት ታገኛታለህ፤ ከዚያ በኋላ ግን እንጃ" አለው።

ዘርጋው ክው አለ። ጎረቤቱ ይህን አይቶ፣ "ነገ ማለዳ በሚነሳው አውቶቡስ ሂድ። እስከ ድልድዩ ያደርስሃል። ከድልድዩ በቅሎ ትከራያለህ፤ ከአፋፉ በእግርህ ትወርዳለህ። ጀንበር ሳትጠልቅ እናትህ ጋ ነህ" ሲል መከረው።

"ከዶሮና ከጆንያ ጋር እየተጋፋሁ?" አለ ዘርጋው። "ይህን የመሰለ መኪና ደጄ ላይ ቆሞ! እስከ አልጋዋ ድረስ በመኪናዬ ነው የምገባው።"

ዓርብ ማለዳ ተነሳ። እውነቱን ለመናገር መኪናው ጎበዝ ነበር፤ ረፋድ ላይ ድልድዩ ጋ ደረሰ። እዚያ በቅሎ የሚያከራዩት አያ ጓንጉል አገኙት። የእናቱ ጎረቤት ናቸው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቁታል።

"እንኳን መጣህ ልጄ! መኪናህ ግሩም ነው። እዚህ አድርሶሃል፤ በል አመስግነውና ውረድ። ከዚህ ወዲያ የበቅሎ አገር ነው።"

"አያ ጓንጉል፣ ይህ መኪና የማይወጣው አቀበት የለም።"

"እኔ የፈራሁልህ አቀበቱን አይደለም፤ ጨፌውን ነው።"

ጨፌው ለዓይን ደልዳላ፣ አረንጓዴ ሜዳ ይመስላል። ከሣሩ ሥር ግን ውሃና ጭቃ ስለሆነ አገሬው ዳር ዳሩን ዞሮ ነው የሚያልፈው። ዘርጋው ዙሩ ረዘመበትና በመሃል ገባ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? መኪናው መቶ እርምጃ ሳይሄድ እስከ በሩ ሰመጠ። ዐሥር ሰው በገመድ ሲጎትተው ዋለ፤ ቀኑም እንዲሁ ባከነ።

ቅዳሜ ጠዋት ዘርጋው ከነጭቃው በቅሎ ላይ ወጣ። በቅሎዋ ጨፌውን ዞራ አቀበቱን ስትያያዘው ልቡ ሞቀ። "አያ ጓንጉል፣ ከእንግዲህ መኪና ምን ያደርግልኛል? በዚች በቅሎ እስከ እናቴ አልጋ ድረስ እገባለሁ!" አለ። ሐሙስ ዕለት ስለ መኪናው ምን ብሎ እንደነበር አንባቢ አይዘነጋም።

አፋፉ ላይ ሲደርሱ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ አየሩም ስስ ስለሆነ ትንፋሽ ያጥራል። ሐይቁ ከታች ይታያል። በዚያ አገር ኮርቻ ከአፋፉ በታች አይወርድም። ቁልቁለቱ ልሙጥ ድንጋይ ነው፤ ሰው የተቀመጠባት በቅሎ ካዳለጣት ሁለቱም ገደል መግባታቸው ነው። ስለዚህ ዳኛም ይሁን ሙሽራ እዚያ ሲደርስ ይወርዳል፤ ኮርቻው ይፈታል።

"በል እንግዲህ ውረድ ልጄ" አሉ አያ ጓንጉል።

"ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ነው አያ። እግሬም እንዲህ ያለ መንገድ ከረሳ ቆይቷል። ቀስ ብላ ታውርደኝ።"

በቅሎዋን ኮረኮራት። አራት እግሯን ተክላ ቆመች። መታት። ንቅንቅ አላለችም። ጀንበር ማዘቅዘቅ ጀመረች፤ እሱ ግን አሁንም ኮርቻው ላይ ነው።

አያ ጓንጉል አልተቆጡም። ከመንገዱ ዳር ያለ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ በዱላቸው አሳዩት።

"ይህ የእናትህ መቀመጫ ነው። በየገበያው ቀን ይህን ቁልቁለት በእግሯ ወጥታ እዚህ ትቀመጥና መንገዱን ታያለች። ከጨፌው ማዶ የመኪና አቧራ ሲነሳ፣ 'ጓንጉል፣ ልጄ ይሆን?' ትለኛለች። 'አይደለም' ስላት ተመልሳ ትወርዳለች። እስካለፈው ፋሲካ ድረስ በምርኩዝ እየተደገፈች ወጥታለች። ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው።"

ዘርጋው ድንጋዩን አየው። ከመቀመጥ ብዛት መሃሉ ለስልሷል። ከበቅሎዋ ወረደ፤ የሚያዳልጠውን የከተማ ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ ቁልቁለቱን ጀመረ። ሁለት ጊዜ ወደቀ፤ ሁለት ጊዜ ተነሳ። "እግሬ ረስቷል" ያለው ሰው እግሩ እያንዳንዷን ድንጋይ ያውቃት ነበር። ጀንበር ሳትጠልቅ የእናቱን በር ከፍቶ ገባ።

እናቱ ዓይኗን ገለጠች። ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ እጇን ዘርግታ የጨቀየ ፊቱን ዳበሰችው።

"በምን መጣህ ልጄ?"

"በመኪና ተነሳሁ፤ ከዚያ በበቅሎ ወጣሁ። በመጨረሻ ግን ወደ አንቺ የመጣሁት በእግሬ ነው እማዬ።"

እናቱ ፈገግ አለች። "እግርማ ድሮም ነበረህ" አለችው።

ከዚያ በኋላ ስድስት ቀን ኖረች። ስድስቱንም ቀን ዘርጋው ካጠገቧ አልተለየም። ስትቀበርም ያን ድንጋይ ከአፋፉ በትከሻው አውርዶ ራስጌዋ ላይ አኖረው።

ወዳጄ፣ መኪናውም በቅሎዋም ጥፋት የለባቸውም። እያንዳንዳቸው ድርሻቸውን አድርሰዋል። ጥፋተኛው እነሱ ሊያልፉት ከማይችሉት ቦታ ደርሶም አልወርድም ያለው ሰው ነው። ሀብትም፣ ሹመትም፣ ዕውቀትም እንዲሁ ናቸው፤ መንገድ ያጋምሳሉ፤ ወደሚወዱን ሰዎች ደጃፍ የምታደርሰው የመጨረሻዋ ቁልቁለት ግን ሁልጊዜ የእግር ናት። እስኪ ዛሬ ራስህን ጠይቅ፦ መንገድ መንገዱን እያየ የሚጠብቅህ ማን ነው? አንተስ ከምን ላይ አልወርድም ብለህ ነው ያልደረስክለት?