ዕዳዬን መልሱልኝ ያለችው ልብስ ሰፊ

አንድ በሕዝቡ መወደድን ከምንም በላይ የሚሻ ንጉሥ ነበረ። በመንገድ ሲያልፍ እልል ካልተባለለት የዚያን ዕለት ምሳ አይዋጥለትም ይባላል። ክፉ ሰው ግን አልነበረም። ችግሩ ቸርነቱ ከአሳቡ መቅደሙ ብቻ ነው።

በዚህ ንጉሥ ከተማ ሰይድ የሚባል ነጋዴ የስፌት መኪና፣ አልጋ፣ ወንበርና የጣሪያ ቆርቆሮ ይሸጥ ነበር። ሙሉውን ዋጋ በአንድ ጊዜ ማውጣት ለማይችል ሰው ዕቃውን ዛሬ ይሰጠውና ገንዘቡን በየወሩ ጥቂት በጥቂት ይቀበለዋል። እጅ በእጅ ሃያ ብር የሚሸጠውን የስፌት መኪና፣ በወር አንድ ብር ለሚከፍል ሰው ሃያ አራት ብር ያደርገዋል። "አራቷ ብር የትዕግሥቴ ዋጋ ናት" ይላል እየሳቀ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ የከተማው ቤት አንድ በአንድ ቆርቆሮ ለበሰ፤ መኪና የወሰዱት ሴቶች ሲሰፉ ሸማኔው ጨርቅ ይሸጥላቸዋል፣ አናጢው ጠረጴዛ ይሠራላቸዋል። ሥራ የፈታ ሰው ማግኘት ቸግሮ ነበር።

ከሰይድ ደንበኞች አንዱ ቢሻው ነው። ቢሻው ወርቅ ቅብ ወንበሮችና ባለመስተዋት አልጋ በዱቤ ወሰደ። ከዚያ ወንበሮቹን ለማሳየት እንግዳ ይጠራል፣ እንግዳውን ለማብላት ይደግሳል። ደግሶ ደግሶ የስድስት ወር ክፍያ ሲከማችበት ወደ ቤተ መንግሥት ደጃፍ ሄዶ "አቤት! አቤት! በዕዳ ታንቄ ልሞት ነው!" ብሎ ጮኸ። ስለ ወንበሮቹ ግን አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

ንጉሡ አዘነለት። ሌላ ሰው ሳይጠይቅ ወዲያው ነጋሪት አስጎሰመ፦ "ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ከዛሬ ጀምሮ የዕቃ ዕዳ ሁሉ ተሰርዟል! ክፍያ ሲቀበል የተገኘ ነጋዴ ይቀጣል!" ከተማው በእልልታ ተናወጠ። ንጉሡም ለሦስት ቀን ምሳውን አጣጥሞ በላ።

አብዝተው እልል ካሉት አንዷ ማናህሎሽ የምትባል ልብስ ሰፊ ነበረች። ከመኪናዋ ዋጋ አሥራ ስድስት ብር ከፍላ ስምንት ቀርቷት ነበርና፣ "ስምንት ብር ከሰማይ ወረደልኝ!" ብላ ጎረቤቶቿን ጠራች። እውነት እንነጋገርና እኔም አንቺም አንተም ብንሆን እልል እንል ነበር።

ማናህሎሽ ጥሩወርቅ የምትባል ታናሽ እህት አለቻት። ከዓመት በላይ አብራት ስትሰፋ ኖራ እጇ ከእሷ እጅ በልጧል፤ የቀራት የራሷ መኪና ብቻ ነው። መኪና ካላገኘች መስከረም ሲጠባ ለሰው ቤት ሥራ ወደ ሩቅ አገር ልትሄድ ከደላላ ጋር ተነጋግራለች። ማናህሎሽ ይህን ስታስብ እንቅልፍ የላትም። አዋጁ በወጣ በወሩ እህቷን ይዛ ወደ ሰይድ ሱቅ ሄደች።

"ጋሼ ሰይድ፣ ለእህቴም እንደኔው በየወሩ የሚከፈል አንድ መኪና ይስጡልኝ።"

"ሃያ ብር ይዘሻል?"

"ከየት አምጥቼ?"

"እንግዲያው የለም። ከእንግዲህ እጅ በእጅ ነው።"

"ሠርታ እንደምትከፍል ያውቃሉ እኮ!"

"አውቃለሁ። አንቺም ከፋይ ነበርሽ፤ ነገር ግን አዋጁ እንኳን የምሰጠውን የሰጠሁትንም ወሰደብኝ። እኔም የማበላቸው ልጆች አሉኝ፣ ልጄ።"

ጥሩወርቅ አንገቷን ደፍታ ወጣች። ማናህሎሽ በመንገድ ላይ ስታይ ሸማኔው ጨርቁን አጣጥፎ ተቀምጧል፣ አናጢው ፀሐይ ይሞቃል። ዱቤው ሲቆም የሁሉም ሥራ መቆሙ ያኔ ገባት፤ እህቷን ወደ ቤት ሸኝታ እሷ ወደ ቤተ መንግሥት ገሠገሠች።

"አቤት! አቤት! ዕዳዬን መልሱልኝ!"

ዘበኞቹ ተሳሳቁ። መኳንንቱም ሳቁ። ንጉሡ ግን ከጉጉት የተነሣ አስገባት።

"ዕዳዬን ማሩኝ ብሎ የሚጮህ ብዙ አይቻለሁ፤ ዕዳዬን መልሱልኝ የሚል ሰው ግን አንቺ የመጀመሪያዬ ነሽ። ስምንት ብር ምሬሽ ምን ጎደለብሽ?"

"ንጉሥ ሆይ፣ የማሩኝ በሰይድ ገንዘብ ነው" አለች ማናህሎሽ። "ደግሞም ስምንት ብር ሰጥተው የሃያ አራት ብር እምነት ወሰዱብኝ። ለእኔ ከተዘረጋው እጅ እህቴ አንድም ነገር አታገኝም። ዕዳዬ ይመለስልኝ፤ እህቴ አገሯ ትቅር።"

 ያኔ የግምጃ ቤቱ ሹም ተነሥቶ፣ እልልታውን ላለማበላሸት የደበቀውን ተናገረ፦ የገበያው ቀረጥ በአንድ ወር ውስጥ በግማሽ ወርዷል።

ንጉሡ ሰይድንና ቢሻውን አስጠራ።

"ቢሻው የማይከፍል መሆኑን እያየህ ለምን ሰጠኸው?" ሲል ሰይድን ጠየቀው።

ሰይድ ራሱን አከከ። "ሲያሞግሰኝ ጊዜ፣ ንጉሥ ሆይ… ትርፉም ታየኝ።"

"እንግዲያው ጥፋቱ የሦስታችን ነው" አለ ንጉሡ። "እሱ ከገቢው በላይ ወሰደ፣ አንተ እያወቅህ ሰጠህ፣ እኔ ሳልጠይቅ ፈረድሁ።" ከዚያም አዋጁን ሻረ። ቢሻው ወንበሮቹንና አልጋውን መልሶ ከዕዳው እንዲላቀቅ፣ ሰይድም ዕቃ ከመስጠቱ በፊት ጠቅላላውን ዋጋ በምስክር ፊት እንዲናገርና ከገቢው በላይ ለሚጠይቅ ሰው እንዳይሰጥ አዘዘ። ታሞ ወይም ከብቱ ሞቶበት መክፈል ያቃተው ሰው ቢኖር ግን፣ "እሱን እኔ ከራሴ ሣጥን እረዳዋለሁ፤ በሰው ገንዘብ ቸር መሆን ይብቃኝ" አለ።

በዚህኛው አዋጅ ቀን ብዙ እልልታ አልተሰማም። ነገር ግን ጥሩወርቅ በማግስቱ መኪናዋን ከሰይድ በዱቤ ወስዳ በሸክም አስመጣችና ከእህቷ ጎን ተከለች። ደላላው መስከረም ላይ ሲመጣ ያገኛት ለሰው የሠርግ ልብስ ስትሰፋ ነው፤ ቀና ብላም አላየችው።

ወዳጆቼ፣ ዱቤ ማለት ነገ የምንሠራውን ሥራ ዛሬ አምኖ የሚሰጠን ሰው አለ ማለት ነው። ሠርቶ ለሚከፍል ሰው መሰላል ነው፤ ለታይታ ለሚወስድ ሰው ገመድ ይሆንበታል። ዕዳውን የሚክድ ሰውም ነጋዴውን ብቻ የጎዳ ይመስለዋል እንጂ፣ በሩን የሚዘጋው ከኋላው ተሰልፎ በሚጠብቀው ድሃ ላይ ነው።

እስቲ እርስዎም ያስቡት፦ እርስዎ ታምነው ከወሰዱ በኋላ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ሰው ያንኑ እምነት ያገኝ ይሆን?