የጄኔራሉ ምስክር

«ተራራው ላይ ከእናንተ ጋር ስዋጋ አይተኸኛል። ለጋዜጠኞቹ የምትነግራቸው ይህንኑ ነው» አሉ ጄኔራል ዊትኮም፣ ከወንበራቸው ሳይነሱ።

ፊታቸው የቆመው አንድ ተራ ወታደር ነው። ከዚያ የኮሪያ ተራራ በሕይወት ከወረዱት ጥቂት አሜሪካውያን አንዱ እሱ ነው። ጄኔራሉ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከቢሮ ወደ ቢሮ፣ ከግብዣ ወደ ግብዣ ሲሾሙ ኖረዋል፤ በዚህ ጦርነት የደረሰባቸው ትልቁ ጉዳት ካርታቸው ላይ የተደፋ ቡና ነው። አሁን አራተኛውን የማዕረግ ኮከብ ፈልገዋል፤ ለዚያ ደግሞ ግንባር ላይ ያያቸው ሰው ያስፈልጋል።

«ምርጫው ያንተ ነው፣ ልጄ» አሉ ሲጋራቸውን እየለኮሱ። «አይቻቸዋለሁ ካልክ ነገ ወደ እናትህ ቤት ትሳፈራለህ። አላየሁም ካልክ ዛሬውኑ ወደዚያው ተራራ ትመለሳለህ። እዚያ የሚጠብቅህን ታውቀዋለህ።»

ያውቀዋል። ጓደኞቹ ገና አልተቀበሩም።

ቆቡን አጥልቆ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው። ውጭ የቆሙት ጋዜጠኞች ብዕራቸውን አነሱ።

«እንግዲያው ወደ ተራራው ይላኩኝ፣ ክቡር ጄኔራል» አለ ጮክ ብሎ። «እዚያ ጥይት ሊያገኘኝ ይችላል፤ እርስዎ ግን እዚያ መጥተው መቼም አያገኙኝም።»

ወጣና በሩን ከኋላው ዘጋው።